በኦቦ ገመቹ ሥዕሎች ላይ ያሰመርኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። እናቴ ሳታውቅ ሞተች። አሁን ለአንተ የምነግርህ ስለማምንህ እንዳይመስልህ። ስለማላውቅህ ነው የምነግርህ፤ ነገ መንገድ ላይ ብታገኘኝ እኔ መሆኔን አትለይም፣ እኔም አንተን አልለይም፣ እንዲህ ይሻላል።

አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ አምቦ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነበር። በእኛ ዘንድ ለሰው መናዘዝ የለም፤ ከአላህ ጋር ያለህን ከአላህ ጋር ትጨርሳለህ። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። የበደልከው ሰው ራሱ «አውፍ» ካላለህ፣ በአፉ ይቅር ካላለህ፣ ሰማይም አይቀበልህም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። እኔ የበደልኳቸው ሰው ደግሞ ጴንጤ ናቸው፤ በእነሱ ጸሎት ቤት ኃጢአተኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል፣ ጉባኤው አብሮት ያለቅሳል፣ ሲጨርስ ያጨበጭቡለታል። እኔ የሚያጨበጭብልኝ ሰው አልፈልግም። ስለዚህ አንተን ያዝኩህ። ቁጭ በል።

ከድር እባላለሁ፤ ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ከመናኸሪያው ጀምሮ እስከ ጉደር መውጫ ካሉት ሥጋ ቤቶች፣ መድኃኒት ቤቶችና ጸጉር ቤቶች የግማሾቹን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የበሬ ጭንቅላት ብትለኝ፣ መቀስ ብትለኝ፣ እባብ የተጠመጠመበት ዋንጫ ብትለኝ በአንድ ትንፋሽ አሰምርልሃለሁ። ባኮ ድረስ ተጠርቼ አንድ የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ሰው የሚያክል በቆሎ ስዬ መጥቻለሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ፍሬውን እየቆጠሩ ይስቁ ነበር፣ ሁሉም ፍሬ እኩል ስለሆነ። እጄ አይንቀጠቀጥም። ኩራቴ ይህ ነበር፤ ጥፋቴም የመጣው በዚሁ እጄ ነው።

ኦቦ ገመቹ ግን ሠዓሊ ናቸው። ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን ብርሃን ሲያሳድዱ ኖሩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሁሉካ ድልድይ አጠገብ በርጩማቸውን ያስቀምጣሉ። ራሳቸው በኮላና በነጭ ቀለም የቀቡትን አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ወጥረው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና ቀለሙን ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። ቀይ እዚህ፣ አረንጓዴ እዚያ፣ ሰማያዊው ደግሞ ማንም ሰው ሰማያዊ በማያይበት ቦታ። ቀርበህ ስታየው ሕፃን የደፋው ምሳ ይመስላል። ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ግን ውሃው ይሄዳል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ፀሐይ ይዞ ይርገፈገፋል። ብርሃኑ ሲለወጥ እጃቸውን ያነሳሉ። ቅጠሉ ግማሽ ላይ ቢሆንም ያነሳሉ። ሥዕሉን ቤት ወስደው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ደመና ከሆነ ሥራ የለም። ያንን አንድ ድልድይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሉት።

ለምን አይጨርሱትም ብዬ ጠየቅኳቸው። ድልድዩንማ መንገድ ሥራ ጨርሶታል አሉኝ። እሳቸው የሚስሉት ሰዓቱን ነው፤ ሰዓት ደግሞ አያልቅም።

በቀለም ሣጥናቸው ውስጥ ጥቁር ቀለም አልነበረም። ጥላ ጥቁር ነው ያለህ ማነው፣ ሂድና እየው ብለው አንድ ቀን ዝግባ ሥር አቆሙኝ። ቆምኩ። ሣሩ ላይ የተኛውን ጥላ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ አፍጥጬ አየሁት። እሳቸው ወይን ጠጅ አለበት ይሉኛል፣ ከሥሩ የአፈሩ ቀይ ይታያል ይሉኛል፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነው ይሉኛል። አዎ፣ አዎ እላቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ? እኔ ያየሁት ጥቁር ነው። ዛሬም የማየው ጥቁር ነው።

አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ታፔላ ሰለቸኝ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ከኋላቸው የሄድኩት። በርጩማ አሠራሁ፤ አቡጀዲ ወጠርኩ፤ ጠብ ጠብ አደረግኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሠራኋቸውን ሰባት ሥዕሎች ደርድሬ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነበር፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ።

«ሀርካ ቀብዳ፣ ኢጃ ሂንቀብዱ» አሉኝ። እጅ አለህ፣ ዓይን የለህም ማለታቸው ነው።

በክፋት አልነበረም ያሉት። በክፋት ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ። ምሳ ጋብዘውኝ፣ በእጃቸው እያጎረሱኝ፣ ታፔላህን አትተው ብለው መከሩኝ። እኔም ሳቅኩ፤ አመሰገንኳቸው። ሰባቱን ሥዕሎች ቤቴ ወስጄ በላያቸው ላይ የጎሚስታ ማስታወቂያ ጻፍኩባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋቸው። ሰላም እያልኳቸው ጠላኋቸው፤ መድኃኒት እየገዛሁላቸው ጠላኋቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ያን ጊዜም ጠልቻቸው ነበር።

ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ዓይናቸው መደብዘዝ ጀመረ። የዓይን ሞራ ነው። መጀመሪያ ፊደል ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሰው መልክ፣ በመጨረሻ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ቀለም ብቻ ቀረላቸው። አንድያ ልጃቸው ሌንሴ ሸነን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሷ ሩቅ ስለሆነች ደብዳቤ የማነብላቸው፣ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ሆንኩ። ስልክ አይዙም፤ ጠላቴ ነው ይሉታል። የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ አሥራ ሁለቱን ደህና ደህና ሥዕሎች እኔ ሱቅ የኋላ ክፍል አስገባንላቸው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። አየህ? እኔ እጅ ገቡ።

በዚያ ሰሞን አንድ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነበር። ባለቤቱ ታፔላ ሊያሠራ መጥቶ ሥዕሎቹን አየ። አንዱን አዞረው። ለአዳራሹ የአምቦ ሥዕል እየፈለገ ነበር፤ ወንዙም፣ የኑግ ማሳውም፣ የፍል ውሃው መዋኛም ስለተሳለ ደስ አለው። ግን ግራ ገባው። ዛፉ የት ያልቃል፣ ሰማዩ የት ይጀምራል፣ ይህ ሰው ነው ወይስ ጉቶ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ የእኔን የበሬ ጭንቅላት አየና፣ አንተ እንዲህ ጥርት ያለ እጅ እያለህ ለምን አታስተካክላቸውም አለኝ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይሉሃል ይህ ነው።

ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። ሰውዬው ሊወስዳቸው ይፈልጋል፣ ትንሽ መስመር ቢጨመርባቸው ይላል አልኳቸው። ሳቁ። ብርሃን አጥር የለውም በለው አሉኝ፤ ካልፈለገ ይተወው፣ እኔ ለማየት እንጂ ለማሳየት አልሣልኩም። ከዚያ ግን፣ ቢያዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። ሰማሁት። ሰምቼም ሄድኩ።

የሱቄን በር ዘጋሁ። ለብረት በር የምንጠቀምበትን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ከፈትኩ፤ ፊደል የምጽፍበትን ቀጭን ብሩሽ ያዝኩ። መጀመሪያ ድልድዩን አሰመርኩ። ቅስቱን ዞርኩት፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዞርኳቸው። ከዚያ ባሕር ዛፉን፣ ከዚያ ቅጠሉን፣ እያንዳንዱን ቅጠል። ውሃው ላይ የነበረውን የጠዋት ብርሃን በሞገድ አጠርኩት፤ ሞገዱ ሁሉ እኩል ነው። በሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለቱንም አሰመርኩ። እኔ አሰመርኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ብሩሹን እጄ ላይ አልጣለም። ይህንንም ስማ፦ ስሠራ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ መስመር በጨረስኩ ቁጥር ዓይን የለህም ያሉኝን ሰው ዓይን የምጨፍን ይመስለኝ ነበር። በኋላ በእውነት እንደሚሆን መች አውቄ? ባውቅስ እተወው ነበር? አላውቅም። እተወው ነበር ብዬ አልዋሽህም፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃል።

የተከፈላቸውን አምጥቼ ሳላጎድል ሰጠኋቸው። ሌባ አይደለሁም። ሌባ ብሆን ይሻል ነበር።

ሆቴሉ የተመረቀ ቀን ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እንደ ልማዳቸው ከሥዕሎቹ ስድስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። እኔ ክርናቸውን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ።

«ከድር፣ ጨለም አላሉም?» አሉኝ።

«ዓይንዎ ነው» አልኳቸው።

ይህን አልኩ። እነዚህን ሁለት ቃላት ከአፌ አወጣሁ። እሳቸውም አመኑኝ፤ አዎ፣ ይሆናል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰው ከበባቸው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን በሥዕላቸው ሲያሾፉ የኖሩ ሁሉ እጃቸውን ይዘው «ኦቦ ገመቹ፣ አሁን ገባን፣ አሁን ታየን» አሏቸው። ይህ ከተማ ሥዕል የሚገባው የውሃ ጠርሙስ ላይ ሲለጠፍ ነው። እሳቸው ግን እንዲህ አልተረዱትም። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሱ። አገሬ ማየት ጀመረ አሉ። አርባ ዓመት ነገርኳቸው፣ እንዴት በአንድ ቀን ገባቸው አሉ። እንባቸውን እየጠረጉ ደግሞ፣ ይህ ሞራ ሲወጣልኝ መጀመሪያ የማየው እነዚያን ሥዕሎች ነው አሉ። ሰው ሲያያቸው ቆሜ አያለሁ፣ የቱ ላይ ቆም እንደሚሉ አያለሁ አሉ። ለካ ዓይን ይድናል። ሞራ ማለት በአንድ ጠዋት የሚነሳ ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ብዙም አልቆየ፤ የሌንሴ ደብዳቤ በሸነን አውቶቡስ መጣ። በዚያ ሳምንት ከሸነን ስልክ አልገባ ብሎ ነበር እንጂ እንደ ወትሮው በእኔ ስልክ ትደውል ነበር። ኦቦ ገመቹ ሱቄ ድረስ ይዘውት መጡ፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ከፈትኩት። ከውስጡ ትንሽ ካርድ ወደቀች። እንዳይሰሙ ቀስ ብዬ በእግሬ ረገጥኳት።

ደብዳቤው በኦሮምኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች አምቦ ይመጣሉ። ስምዎን አስመዝግቤያለሁ። ተራዎ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ካርዱ ከዚህ ጋር አለ። ከድር ይወስድዎታል። አይፍሩ፣ ብዙ አይቆይም። ፋሻው ሲነሳ አጠገብዎ እሆናለሁ። ቶሎ መልስ ይላኩልኝ።»

እኔ ያነበብኩላቸው ይህ ነው፦ አባ፣ ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል። የዓይን ሐኪሞቹ ዘንድሮ አምቦ አይመጡም አሉ። ሌላ ጊዜ ይሆናል፣ ይታገሡ።

ፊታቸው ወደቀ። ሌላ ምንም አላለችም አሉኝ። ምንም አልኳቸው። እርግጠኛ ነህ አሉኝ፤ ጠርጥረው ሳይሆን የልጃቸው ቃል ስላነሰባቸው ነው። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ማልኩላቸው። የእኔ ዓይን ግንባር አልሆነም። ይኸው እስከ ዛሬ አያለሁ፤ በጨለማ መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ።

መልሱን ደግሞ በዚያው ቁጭ ብለው አጻፉኝ። ሌንሴ፣ ይምጡም አይምጡም እጠብቃለሁ፣ ክረምት አልፎ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ለምጄ የለም ወይ፣ ይህን ጻፍ አሉኝ። እኔ የጻፍኩት፦ ዓይኔን ለመርፌ አልሰጥም፣ ከእንግዲህ ይህን ነገር በጽሑፍም በቃልም እንዳታነሺብኝ። ሌንሴ አመነች። እንዴት አታምን? ራሳቸው አንድ ጊዜ በፊቷ፣ ይህ ጭጋግ አይቼ የማላውቀውን ቀለም እያሳየኝ ነው ብለው ነበር። የሰውዬውን የጥበብ ቃል ወስጄ የገዛ ዓይናቸውን ዘጋሁበት። ደብዳቤዋን መለስኩላቸው፤ ልጄ የነካችው ነው ብለው አጥፈው ከመታወቂያቸው ጋር የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ደስታቸው እንዳይበላሽ ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር። አርባ ዓመት የጠበቁትን ነገር አገኙ፣ ሥዕሎቹን ካዩ በአንድ ቀን ይሞታሉ፣ አዝኜላቸው ነው። አንተም ይህን ልታስብልኝ ጀምረህ ከሆነ ተው። ውሸት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው። የከተማው ሰው የሚያውቀኝ ሽማግሌ ሲጦር ነው፤ እንዲህ እንደሆንኩ ከሚታወቅብኝ የእሳቸው ዓይን ይቅር አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤት ስለ ሐኪሞቹ እንዳይነግራቸው ብዬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቤታቸው አወጣኋቸው። ሁሉካ ድልድይ ወሰድኳቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ እስክታርፍ ጠበቁ። እዚያ ሆነው ስለ ነጭ አወሩኝ። ነጭ የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ያጠበውን ልብስ አጥር ላይ ሲያሰጣ ጠዋት ቢጫ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ነው፣ ማታ ጽጌረዳ ነው አሉኝ። ዓይኔ ከጠራ መጀመሪያ የምስለው የተሰጣ ልብስ ነው አሉ። ካርዷ በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበረች። ሆስፒታሉ ከድልድዩ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ተራቸው ሲያልፍ አብሬያቸው ተቀምጬ ስለ ነጭ እሰማ ነበር።

ሌንሴ ተቀየመች። ለወራት አልመጣችም፤ ስትደውልም ሰላምታ ብቻ ነው። እሳቸው ልጄ ረሳችኝ ይላሉ፤ እኔ ሥራ ነው እያልኩ አጽናናቸዋለሁ። ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ቀን ዓይናቸውን ይዘው ጮኹ። ግንባራቸው ሊፈርስ ደረሰ፤ አስመለሳቸው። ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አየና ሞራው ከመጠን በላይ በስሎ ግፊት አምጥቷል አለ፤ ነርቩ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ቀዶ ሕክምናም አያድነውም። ሌላኛው ዓይናቸውም በዚያው ዓመት ሄደ። ሐኪሙ ለምን ቀደም ብለህ አላመጣሃቸውም ብሎ ተቆጣኝ። ኦቦ ገመቹ ናቸው የመለሱልኝ፤ ልጁን አትናገረው፣ ከልጄ በላይ የያዘኝ እሱ ነው አሉት።

ሌንሴ ስትመጣ ከሁለቱ መካከል እንደ ታሰረ ፍየል ተቀመጥኩ። እንዳያወሩ፣ ያን ደብዳቤ እንዳያነሱት። አላነሱትም። እሷ አታንሺብኝ ስለተባለች፣ እሳቸው የሚያነሱት ነገር ስለሌላቸው። አባቷን አይታ አለቀሰች፤ ስትሄድ ደግሞ ሱቄ ጎራ ብላ፣ አባዬን ስለያዝክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ አለችኝ። አሜን አልኳት።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጡና ሆቴሉ ውሰደኝ አሉኝ። ለምን አልኳቸው። ሰው ሥዕሉን ሲያይ የሚለውን ልስማ አሉ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ለሠርግ ወንበር ትደረድራለች እንጂ ሰው አልነበረም። ስድስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። ከዚያ፣ ዕድሜ ልካቸውን አድርገውት የማያውቁትን፣ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ።

«ይህ የቱ ነው?»

«ድልድዩ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ነኩት። የብረት ቀለም ሲደርቅ ወፈር ብሎ ይነሳል፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ገመድ በጣት ይያዛል። ጣታቸው መስመሩ ላይ አረፈና ቆመ። ከዚያ ተከተለው። ቅስቱን ዞረ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዞረ፣ ወደ ዛፉ ወጣ፣ ቅጠሎቹን ያዘ። አንድም ቦታ አልተቋረጠባቸውም። ወደ ሁለተኛው ሥዕል ሄዱ። ወደ ሦስተኛው ሄዱ። አሥራ ሁለቱንም ዳሰሱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የአስተናጋጇን ወንበር እቆጥራለሁ።

«ሀርካ ቀብዳ» አሉኝ። እጅ አለህ። ሁለተኛውን ግማሽ አላሉትም።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮታቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው የታጠፈችውን ወረቀት አወጡ። እጥፋቷ ላይ አልቃ ነበር።

«ይህን እንደገና አንብብልኝ» አሉኝ። «ዛሬ ግን የተጻፈውን አንብብ።»

አነበብኩ። ስምዎን አስመዝግቤያለሁ የሚለውን አነበብኩ። ማክሰኞ ጠዋት የሚለውን አነበብኩ። ፋሻው ሲነሳ አጠገብዎ እሆናለሁ የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ፤ እሳቸው ግን ቀጥል ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ስጨርስ ለሌንሴ የጻፍኩትን መልስም ነገርኳቸው፤ እንዳይቀርብኝ። አስተናጋጇ ወንበር መደርደሯን አቆመች።

«ማክሰኞ» አሉ። «ማክሰኞ ድልድዩ ጋ ነበርን። ስለ ነጭ ነገርኩህ።»

እግራቸው ሥር ወደቅኩ። አውፍ ይበሉኝ አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ አልኩ። እጃቸው ፊቴን ፈለገ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን ነካ፤ እንደ ሥዕሉ ዳሰሰኝና ተመለሰ።

«ይቅር የምለው የሰውን ፊት አይቼ ነው» አሉ። «እንዴት ላድርግ?»

ተነሱ። ክርናቸውን ልይዝ ስል ሸሹኝ። አስተናጋጇን ጠርተው በሩን አሳዪኝ አሏት። እሷ ይዛቸው ወጣች።

በሳምንቱ ሌንሴ መጥታ ሸነን ወሰደቻቸው። ሱቄ ድረስ መጥታ እኔ ጋ የተቀመጠውን የቀለም ሣጥናቸውን ጠየቀችኝ፤ ስሰጣት አላየችኝም፣ አልሰደበችኝም። ካርዷን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ያቺን ካርድ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳስቀመጥኳት እኔም አላውቅም።

ሆቴሉ ሄጄ ከአንዱ ሥዕል ላይ መስመሩን ላስለቅቅ ሞከርኩ። ባለቤቱ በሌለበት ጨርቅ ቀለም በምናሟሟበት አኳራጅ ነክሬ መስመሩን ፈተግኩት፤ ጥቁሩ ሲሟሟ ከሥሩ ያለው የጠዋት ብርሃንም አብሮ ተነስቶ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሁለቱን መለየት አይቻልም። የቀሩት አሥራ አንዱ እንደተሰመሩ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ሙሽሮች ፊታቸው ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

እስከዚህ ከሰማኸኝ በኋላ፣ ምስኪን፣ ተጸጽቷል፣ ይቅር ይባል ትል ይሆናል። አትበል። አንተ ይቅር ብትለኝ አልቀበልህም። ዓይኑ ያንተ ነበር? ብርሃኑ ያንተ ነበር? ባለቤቱ ያላለውን የምትለው አንተ ማነህ? ብትረግመኝ ይሻለኛል፤ እሱም ቢሆን ያንተ ሥራ አይደለም።

የሸነን አውቶቡስ በየጠዋቱ በሱቄ በር ያልፋል። ኦቦ ገመቹ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ሾፌሩ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እንደሚቀመጡ ነግሮኛል። ቦታ አለ ግባ ይለኛል። አንድም ቀን አልገባሁም። በአውቶቡሱ ጎን «ሸነን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።